መጀመሪያ አንተ

ረቡዕ ረቡዕ ክሊኒኩ ከሐዋሳ ሐይቅ ላይ ተነሥቶ እየበረረ ታካሚዎቹ ወዳሉበት ሰፈር ይመጣል። ዛሬ ሻሜቦ ደጅ ላይ ሲያርፍ፣ ሻሜቦ የልጁን ጫማ ሊፈልግ አልጋ ሥር ገብቶ፣ ለምን እንደገባ ረስቶ፣ እዚያ ያገኘውን አሮጌ ራዲዮ ይፈታታ ነበር።

«አባ፣ ጫማዬስ!» አለች ጸዳለ።

ጸዳለ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን መሰብሰብ የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ መምህሯ ከፊት አስቀምጣታለች፤ መድኃኒትም ጀምራለች። ዛሬ ደግሞ «ቀልቤ»ን ልትሞክር ነው። ቀልቤ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ሐሳብ ሲበተን በስሱ እየነዘረ የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን ጸዳለ መሣሪያውን ስታይ ጆሮዋን ሸፈነች። «መጀመሪያ አንተ!» አለችው አባቷን።

ዶክተር ምንታምር ሳቀች። «ይሁን፤ የሚያስፈልገው ሰው ላይ አረንጓዴ ይበራል፤ የማያስፈልገው ላይ ግን ቢጫ አብርቶ ይጠፋል።»

ሻሜቦ ለጠፈው። አረንጓዴ በራ።

«ተበላሽቷል ማለት ነው» ብላ ዶክተሯ ሌላ ሰጠችው። እሱም አረንጓዴ በራ። ሁለተኛው እንደተለጠፈበት ትታው፣ ሦስተኛ ልታመጣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

ጸዳለ በዚህ መሃል ትምህርት ቤቷ ስላለው፣ ድመት ስለሚፈራው የጽዳት ሮቦት ማውራት ጀምራለች። ሻሜቦ እንደ ልማዱ «እሺ የኔ ቆንጆ» ሊላት አፉን ከፈተ። አላላትም። ሮቦቱ ደረጃው ላይ ደርቆ እንደቀረ ሰማ፤ ልጆቹ እንደሳቁበት ሰማ።

«ከዚያ እኔ ዓይኑን በእጄ ሸፍኜ በድመቷ አጠገብ አሳለፍኩት» ብላ ጨረሰች።

የልጁን ወሬ እስከ መጨረሻው ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዕንባው መጣ።

ዶክተሯ ስትመለስ ፊቱን አየችና ሦስተኛውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አቶ ሻሜቦ፣ መሣሪያዎቹ ደህና ናቸው። ይሄ ነገር በዘር ይወርዳል። እርስዎንም በደንብ ልመርምርዎት።»

«ለሰው ግድ የለውም ይሉኝ ነበር እኮ፣ ዶክተር» አለ ሻሜቦ። «እኔም አምኜ ነበር።»

«ከእንግዲህ አይመኑ» አለችው ቀስ ብላ።

የልጁ ተራ ስለሆነ መሣሪያውን አወለቀ። ወዲያው የክሊኒኩ ሞተር፣ የጎረቤት በር፣ የወፎቹ ጫጫታ ሁሉ ባንዴ ገባበት። ጸዳለ ሌላ ወሬ ጀምራለች።

«አባ፣ እየሰማኸኝ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አዎ» ይላት ነበር።

«ጠፋሁ፣ የኔ እናት። ወፎቹ ወሰዱኝ። ከየት እንደጠፋሁ ንገሪኝና ልመለስ።»

ጸዳለ ጉንጮቹን በሁለት እጇ ይዛ አሰበች፤ አሰበች።

«እኔም ጠፍቶኛል» አለች።

ዶክተሯ መሣሪያውን በእጇ እንደያዘች፣ አባትና ልጅ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቀች።