የእቶኑ ጉድጓድ

የወርክሾፑ ባለቤት ይኸነው ሞቶ የተገኘው እቶን በተተከለበት፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ኢንስፔክተር ማናለብሽ በማግስቱ ረፋድ ቆሰበር ካለው ወርክሾፕ ስትደርስ ሬሳው ሆስፒታል ገብቷል፤ ገዳይ የተባለችውም እጇ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የቢሮው መኪና ነዳጅ ስላልነበረው ኢንስፔክተሯ የመጣችው በባጃጅ ነው። ባጃጁም መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፍቶባታል።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው» አላት ኮንስታብል ሽባባው። «ዋሲላ ድንች ወጥ አመጣች፤ ሟች በላ፤ ሞተ። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ወጡን አስመረመራችሁት?»

«አዲስ አበባ ይላካል። ወር ይፈጃል አሉ።»

«እስከዚያ ልጅቷ ታስራ ትክረም?»

ሽባባው ትከሻውን ሰበቀ። ከአጥሩ ውጭ ሠላሳ የሚሆን ሰው «መርዘኛ! መርዘኛ!» እያለ ይጮኻል። አብዛኛው ከዋሲላ አባት ሱቅ ስኳርና ዘይት ሲገዛ የኖረ ጎረቤት ነው።

ወርክሾፑ የይኸነውና የሽርካው የዓለምነው ነበር። ሥራቸው የሴራሚክ ቱቦን ከብረት ቀለበት ጋር በቀለጠ የብር ቅልቅል ማጣበቅ ነው። ዕቃው የኮምፒውተር ቺፕ በሚመረትባቸው ማሽኖች ውስጥ ስለሚገባ፣ መጋጠሚያው ቅንጣት አየር ማሳለፍ የለበትም። ብረት ሲቀዘቅዝ ከሴራሚክ ይልቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሠላሳ ጊዜ ሞክረው ሠላሳውንም ጊዜ ሴራሚኩ ተሰንጥቆባቸዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ድሮ ትቶት ድንች ይነግድ ነበር።

ማናለብሽ መጀመሪያ ያነጋገረችው ዓለምነውን ነበር። የጥሊሊ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«እቶኑን ማን አሰናዳው?»

«እኔ፣ ጠዋት። የአርጎን ጋዙን ጎማ ከእቶኑ ጋር ገጥሜ ከፈትኩ። እቶኑ ውስጥ አየር ካለ ብረቱ ይጠቁራል፤ አርጎን የምንሞላው ለዚያ ነው።»

«ይኸነውስ?»

«ምሳውን በልቶ ዕቃውን ሊያወጣ ወረደ። ከደጅ ስመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ተዘርሯል።»

«መብራት ነበር?»

«ነበር እንጂ።»

«ከዚያ ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ! ዓይኔን ሳላሽ ዘልዬ ገባሁ። ተሸክሜ አወጣሁት፤ ከዚያ ጮኽኩ።»

የዋሲላ አባት ሙሐመድሰዒድ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ተጠራ።

«ጋሼ፣ ትናንት ልጅዎ የት ነበረች?»

«ወጡን አድርሳ መጣች፤ ጩኸቱ እስኪሰማ ከኔ ጋር ጨርቅ ስትለካ ነበር። ግን የአባት ምስክርነት ማን ይቀበላል? ትናንት ነግሬያቸው ሳቁብኝ» አሉ።

ዋሲላ ሴራሚኩን የምትቀባና መጋጠሚያውን የምትፈትሽ ሠራተኛ ናት። ይኸነው ከሰው ጋር ጠብ ነበረው ወይ ስትባል ዓለምነውን በአገጯ አመለከተች።

«ሠላሳ አንደኛው ሳይሰነጠቅ ወጣ። እልል አልን። ስፈትሸው ግን አየር ያሳልፋል። እሱ ዝም ብለን እንላከው አለ። ይኸነው ግን ለገዢው እውነቱን እነግረዋለሁ ብሎ እምቢ አለ። ሦስት ቀን አልተነጋገሩም።»

ማናለብሽ መሰላሉን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። እቶኑን ከፍታ የትናንቱን ዕቃ አወጣች። ቀለበቱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ጎማው ግን በቦታው ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል። ከላይ ከጋዙ ሲሊንደር ኋላ ደግሞ በሲባጎ የታሰረ ጣሳ አገኘች፤ ውስጡ ነዶ የጠፋ ጧፍ አለ።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ሁሉንም ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሽባባው ሰዓቱን ያያል።

«ቀለበቱ ጠቁሯል» አለች። «ስለዚህ ትናንት አርጎኑ እቶኑ ውስጥ አልገባም። ወዴት ሄደ? ሽባባው፣ ስትደርሱ ጎማው እንዴት ነበር?»

«እንዲሁ እንዳሁኑ፤ ተገጥሞ።»

«እቶኑ ሲነድ ተፈትቶ የነበረ ጎማ ከሞቱ በኋላ ተገጥሞ ተገኘ። ይኸነው ረስቶት ቢሆን ኖሮ ተፈትቶ እናገኘው ነበር። አርጎን ከአየር ይከብዳል፤ ሽታም የለውም። ጉድጓዱን ሞላው፤ ይኸነው ገባና ትንፋሽ አጣ። ድንቹ ምንም አላደረገውም።»

ከዚያ ጣሳውን አነሳች።

«ዓለምነው፣ አገራችሁ የውሃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሰው ከመውረዱ በፊት ምን ያደርጋል?»

የመለሱት ሙሐመድሰዒድ ናቸው። «ጧፍ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። ከጠፋ አይወርድም።»

«መብራት እያለ እዚህ ጧፍ የለኮሰው ሰው አየሩ ገዳይ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዓይኔን ሳላሽ ዘልዬ ገባሁ ያልከው ውሸት ነው፤ እንዳልከው ብትገባ ኖሮ ሁለት ሬሳ እናነሳ ነበር። ጋዙን ዘጋህ፤ ጧፉ መንደድ እስኪችል ጠበቅህ፤ ወርደህ ጎማውን ገጠምህ፤ ከዚያ ጮኽክ። ከይኸነው ሌላ ጉድጓዱ የገባ ሰው አንተ ብቻ ነህ። መግባትህን የነገርከኝ ራስህ ነህ።»

ዓለምነው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ጊዜ!» አለ። «ሠላሳ ጊዜ ተሰነጠቀብኝ! አንዱ ቢወጣልኝ እሱንም ሊያበላሽብኝ!»

ሽባባው የዋሲላን ካቴና ፈትቶ ለዓለምነው አጠለቀው። «ይቅርታ እህቴ» አላት አፉ ውስጥ።

«ይቅርታህን ለኔ አትንገረኝ» አለች ዋሲላ የእጇን አንጓ እያሸች። «ነገ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። ደጅ ላሉት ንገር።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ማናለብሽ፤ በሩንም በእርግጫ ከፈተችው።

ዝናብ ወርዶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል።