የመጋዙ ጩኸት

«ወንድሜ ከፈጣሪው ጋር ተኳርፏል!» ትላለች የአናጢው እህት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትላለች፣ በውኃ ወረፋ ትላለች፣ የታመመችው የወንድሟ ልጅ እግር ሥር ቁጭ ብላ ሳይቀር ትላለች። ምላስ አጥንት የለውም ያለው ማነው? የሷስ አጥንትም ጥርስም ነበረው! «ሁለት ሰው ተስማምቶ የለመነውን እግዚአብሔር አይነሳም። እዚህ ቤት ግን የሚለምነው አንድ ሰው ነው። ታዲያ ልጅቷ በምን ትዳን?»

የአናጢው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ግን ወሬው ሥጋ ውስጥ እንደተሰበረ መርፌ ይወጋት ጀመር። ምን ታድርግ? አንድያ ልጇ ሚጢ ልቧ ታሞ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ከአልጋ ወርዳ ደጅ መውጣት እንኳ ተስኗታል። ሐኪሞቹም የቻሉትን ሞክረው «ከእንግዲህ መጸለይ ነው» ብለው ሸኝተዋቸዋል። እናት ጸለየች። ጾማ ጸለየች፣ በግንባሯ ተደፍታ ጸለየች፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ጸለየች። «አምኜ ለመንኩህ እኮ! ከዚህ በላይ እንዴት ይታመናል? ስማኝ እንጂ!» እያለች አምላኳን እንደ ቅርብ ዘመድ ተጣላችው... መልስ ግን የለም!

ከሁሉ የሚያንገበግባት ባሏ ነበር። አመሻሽ ላይ በልጇ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ «አባት ሆይ» ስትል፣ ከግድግዳው ወዲያ ባለው የባሏ የእንጨት ሥራ ቤት የመጋዙ ማሽን ይነሳል። እሪ ይላል! ጸሎቷን ከአፏ እየነጠቀ ይፈጭባታል። ደግሞ አንድ ቀን ቢሆን ጥሩ፤ ሁልጊዜ በዚያችው ሰዓት!

«አንተ ሰው፣ ለልጅህ ስትል አንዴ እንኳ ከጎኔ ተንበርከክ» ብላ ለመነችው።

«ሥራ አለብኝ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

«ሥራህ ይብላህ! ድንጋይ!»

ሚጢ ግን ያን ጩኸት ትወደው ነበር። «እማዬ፣ አባዬ እየሠራ ነው አይደል?» ትላለች ፈገግ ብላ። «እሱ ከሠራ እኔ ያን ያህል አልታመምኩም ማለት ነው።»

አንድ ምሽት መጋዙ እየጮኸ፣ ሚጢ የእናቷን ጣት እንደያዘች ጸጥ አለች። እናት ባሏን ተጣራች፣ ግድግዳውን በጡጫ ደበደበች፤ ማን ይስማት? ጩኸቷንም መጋዙ ዋጠው! አናጢው ማሽኑን አጥፍቶ ሲገባ የልጁ እጅ ቀዝቅዟል።

በቀብሩ ላይ ሣጥኑን ሊነካ እጁን ቢዘረጋ ገፈተረችው። «እጅህን አንሳ! ከጎኔ ብትንበረከክ ልጄ አትሞትም ነበር። አንተ ነህ የገደልካት!» እህቱ ራሷን ነቀነቀች፤ «ብዬ ነበር» ለማለት ቸኩላ። እሱ ያን ቀን እንደወጣ ቤቱ አልተመለሰም። በዓመቱ፣ ከሚሠራው ጣሪያ ላይ ወድቆ መሞቱ ተሰማ።

ሚስቱ ለወጉ ያህል ለቅሶ ተቀመጠች እንጂ ዓይኗ አላነባም። ወይ ዕጣ! እውነት ሲፈልጓት የት ትከርማለች? ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ የምትመጣው ለቅሶ ለመድረስ ነው? ከባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ጎን ይሠራ የነበረው ብረት በያጅ አጠገቧ ተቀምጦ ቆቡን ሲያሻሽ ቆየ።

«እህቴ፣ ያ መጋዝ በዚያ ሰዓት አንዲት ጣውላ እንኳ ቆርጦ አያውቅም» አላት በመጨረሻ። «ባዶውን ነበር የሚያዞረው። ‹ሚጢ አባቷ ሲያለቅስ ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች› ይለኝ ነበር። የአንቺ ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲመጣ ማሽኑን ያስነሳና ከሥሩ ተንበርክኮ እየጮኸ ይለምን ነበር። ሁልጊዜ... ሁለት ነበራችሁ።»