ማናንግ ላይ ኮካ የጣፈጠው ሰው

የግርማቸው ሬሳ ከሂማላያ ቁልቁለት የወረደው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ያክ በሚሉት ጠጉራም በሬ ጀርባ ላይ ተጭኖ ነው። ኔፓል ውስጥ ማናንግ በምትባለው መንደር መሬቱ ጭንጫ ስለነበር መቃብሩን ለመቆፈር አራት ሰው ግማሽ ቀን ፈጀበት። ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ወሬው ሎስ አንጀለስ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ሲደርስ ግን ተራራው ተረሳና ሰው ገደለው ተባለ። ጣት የተቀሰረባት አብራው የተጓዘችው የመድኃኒት ባለሙያ አዜብ ነበረች።

ነገሩ እትዬ ሸዋረጋ ዘንድ የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እትዬ ሸዋረጋ በፒኮ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ልብስ ቤት የሰው ሱሪ እያሳጠሩ የሚኖሩ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው። ከስደት በፊት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሃያ አንድ ዓመት የምስክር ቃል ሲጽፉ ኖረዋል። «ዳኛ ነገሩን ይሰማል፤ ጸሐፊ ግን ቃሉን ይሰማል» ይላሉ። ሚድ ሲቲ በሚባለው በዚያ ሰፈር ነገር የተወሳሰበበት ሐበሻ ሁሉ ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት የሚያማክረው እሳቸውን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የግርማቸው እህት ፀሐይወርቅ ሰማያዊ የጀርባ ሻንጣ አንጠልጥላ ገባች። ከተቀመጠች በኋላ አንድ ፖስት ካርድ አወጣች።

«ወንድሜ ከሞተ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የደረሰኝ። ከማናንግ ለሚወርድ መንገደኛ ሰጥቶት መሰለኝ። ያንብቡት፣ እትዬ።»

እትዬ ሸዋረጋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ፀሐይዬ፣ ማናንግ ደርሰናል። እሑድ እሑድ የምንወጣት የባልድዊን ሂልስ ጉብታ ይህን ተራራ ብታይ ታፍር ነበር። ጓደኞቼ ጣታችንን ወረረን፣ ራሳችን ፈረሰ፣ ኮካውም ብረት ብረት አለን እያሉ ያላዝናሉ። እኔ ሁለት ጠርሙስ ጠጣሁ፤ ጣፈጠኝ። እንኳን ጣቴን፣ ራሴንም አላመመኝ። ሰሜን ተራራ ላይ ካርታ ሲያነሣ የኖረ ሰው እንዲህ ነው!»

«ይህን ከጻፈ በሦስተኛው ቀን ሞተ» አለች ፀሐይወርቅ። «ሰው ሁሉ አዜብ የሰጠችው ክኒን ገደለው ይላል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አጠገቧ የሚቆም ጠፋ። እሷ ከሆነች ልወቅ። ካልሆነችም ይተዋት፤ የሰው ነፍስ ነው።»

«አብረውት የሄዱት እነማን ናቸው?»

«ሦስት ናቸው፤ አዜብ፣ ታክሲ የሚነዳው ዮሐንስ፣ እና ተስፋሁን።» ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ተስፋሁን እጮኛዬ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን። ሻንጣውን እዚያ ሰብስቦ ያመጣልኝ እሱ ነው። ‹ሙት አይመለስም፣ ባትነካኪው ይሻላል› ይለኛል።»

እትዬ ሸዋረጋ ሻንጣውን ፈተሹ። ጫማ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ በእርሳስ የተሰመረበት ካርታ ወጣ። በማስታወሻ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ውብነሽ፣ ኻርቱም» የሚል ስምና የአንድ ክሊኒክ ስልክ ቁጥር ነበር።

«ውብነሽ ማን ናት?»

«አላውቃትም።»

ከታች አንድ ቡናማ የክኒን ጠርሙስ ተገኘ። የግርማቸው ስም በእጅ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። እትዬ ሸዋረጋ ክኒኖቹን ጨርቅ ላይ ዘርግፈው በመርፌ ጫፍ እየገፉ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ መልሰው ጨመሩና ክዳኑን አጠበቁ።

አዜብን ሰኞ ዕለት ከምትሠራበት ፋርማሲ ጀርባ አገኟት። ከስታለች።

«ዳያሞክስ ይባላል፣ እትዬ። ለከፍታ ሕመም መከላከያ ነው። ለአራታችንም ሠላሳ ሠላሳ ፍሬ በየስማችን ሞላሁ። ፒሳንግ ከምትባለው መንደር ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እወስድ ነበር፤ እነሱንም ፊቴ አስውጣለሁ። እንደ ሕፃን ታደርጊናለሽ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

«እሱ ከመሞቱ በፊት ስንት ቀን ወሰዳችሁ?»

«አምስት ቀን።»

«ጣት የሚወረው መድኃኒቱ ነው?»

«አዎ። የለስላሳ መጠጥም ጣዕም ያበላሻል። ‹ጣታችሁን ከወረራችሁ አትደንግጡ፣ እየሠራ ነው ማለት ነው› ብያቸው ነበር።»

«ግርማቸውንስ?»

አዜብ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጠየቅሁት። ‹የሰሜን ደም ነው› ብሎ ሳቀ። አንዳንዱን ሰው ላይወረው ይችላል ብዬ ዝም አልኩ። ሌሊት የሚያስባንነኝ ይኸው ነው።»

እትዬ ሸዋረጋ ለመሄድ ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ። «አንድ ነገር ብቻ። ዳያሞክስን የሚመስል፣ ነጭ፣ ክብ፣ ራስ ምታት የሚያጠፋ ክኒን ምንድን ነው?»

«ብዙ ነው፤ ለምሳሌ አስፒሪን።»

ዮሐንስ ያናገራቸው ታክሲው ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አሜሪካ የኖረ ወጣት ስለሆነ አንቱታውን ከረሳው ቆይቷል።

«ኦኬ እትዬ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ቻሜ የምትባል መንደር ያደርን ቀን ግርሜና ተስፋሁን ውጪ ቆመው ተጨቃጨቁ። ግርሜ ‹ቤታችን ሳንደርስ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ሲል ሰማሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የራሳቸው ቢዝነስ ነው ብዬ።»

«የመጨረሻው ማታስ?»

ዮሐንስ የታክሲውን መሪ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ከማናንግ በላይ ፌዲ የሚባለው ማደሪያ ስንገባ ግርሜ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ሳል ጀመረው። መንገድ የሚመራን ኔፓላዊ ‹አሁኑኑ መውረድ አለበት› አለ። ተስፋሁን ግን ‹ደክሞት ነው፣ እንቅልፍ ይበቃዋል፣ እኔ አብሬው አድራለሁ› አለን። እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ሶ... እሺ አልኩ።»

«ጠዋትስ?»

«ሞቶ አገኘነው። እኔና አዜብ ከመሪው ጋር ሰው ልንጠራ ማናንግ ወረድን። ተስፋሁን ሬሳውን ሊጠብቅ ቀረ።»

«ዕቃውን ማን ሰበሰበ?»

«ስንመለስ ሰብስቦ ጨርሷል።»

ተስፋሁን ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ረጅም፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የታረመ ሰው ነበር። እትዬ ሸዋረጋን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«እትዬ፣ አንቱን የመሰለ ትልቅ ሰው እዚህ ድረስ መልፋት አልነበረበትም። ብትጠሩኝ እመጣ ነበር።»

«ሟቹን ስለምታውቀው ነው። መድኃኒቱን በደንብ ይወስድ ነበር?»

«አንድ ቀን አላጓደለም። እኔ ምስክር ነኝ።»

«ተስማማው?»

«ከሁላችንም ይልቅ እሱን ነው ያሠቃየው! ማናንግ ላይ ጣቱን ወሮት ‹ሳማ የነካሁ መሰለኝ› እያለ እጁን ያራግፍ ነበር። ኮካ ቀምሶ ተፋው። ምስኪን!»

እትዬ ሸዋረጋ ቃሉን እንዳለ በማስታወሻቸው ጻፉ። «እና አዜብን ትጠረጥራለህ?»

ተስፋሁን ዓይኑን ሰበረ። «እኔ ሰው አልከስም። ግን መድኃኒቱ ከሷ እጅ ነው የመጣው።»

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሸዋረጋ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ኻርቱም ደወሉ። ንግግሩ ሰባት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራቱም ፌርፋክስ ላይ ወዳለው የሮማን ምግብ ቤት ተጠሩ። ሮማን የጓዳውን ክፍል ለቃላቸው በሩን ዘጋች። አዜብ ከግድግዳው ተጠግታ ለብቻዋ ተቀመጠች። ፀሐይወርቅ ከተስፋሁን ጎን ነበረች። ዮሐንስ መቀመጥ አቅቶት ቆመ።

«ልጆቼ» አሉ እትዬ ሸዋረጋ፣ ማስታወሻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ «ከክኒኑ እንጀምር። አዜብ ሠላሳ ፍሬ ሰጠችው። አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት፣ ፊቷ ሲውጥ አየችው። ጠርሙሱ ውስጥ ስንት መቅረት ነበረበት?»

«ሃያ» አለ ዮሐንስ።

«ሠላሳ ነው ያለው። አንድም አልጎደለ።»

ዮሐንስ በጣቱ ደግሞ ቆጠረ።

«ስለዚህ ግርማቸው የዋጠው ክኒን ሌላ ነው። ሰው የጠርሙሱን ክኒን ለውጦበት ነበር። ከሞተ በኋላ ደግሞ እውነተኛውን መልሶ ጨመረ፤ ተጣድፎ ነበርና የተዋጠውን ያህል ማጉደል ረሳ። የገዛ ካርዱም ይመሰክራል። ጣቱን አልወረረውም፤ ኮካ ጣፈጠው። ያ መድኃኒት ሰውነቱ አልገባም ነበር።»

«አዜብ ናታ!» አለ ተስፋሁን። «ከመጀመሪያው ሌላ ነገር ሞልታ ሰጥታው ይሆናላ!»

«እኔም አስቤው ነበር። ግን መልሶ የጨመረው ማን ነው? አዜብ ሬሳው እንደተገኘ ወደ ማናንግ ወርዳለች፤ ዮሐንስም አብሯት ነበር። ሲመለሱ ሻንጣው ታስሮ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ ካንተ እጅ ወጥቶ የገባው ፀሐይወርቅ እጅ ነው።»

ፀሐይወርቅ ቀስ ብላ ወንበሯን ከሱ አራቀች።

«ይህ ብቻውን ሰው አያስኮንንም» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «ያስኮነነህ ቃልህ ነው።» ከማስታወሻቸው አነበቡ፦ «‹ማናንግ ላይ ጣቱን ወሮት ሳማ የነካሁ መሰለኝ እያለ እጁን ያራግፍ ነበር። ኮካ ቀምሶ ተፋው።› ዮሐንስ፣ አንተስ ምን አየህ?»

«ተፋው?» አለ ዮሐንስ ግራ ተጋብቶ። «የኔን ጠርሙስ ቀምቶ ጠጣብኝ እኮ!»

«ለዚህ ትንሽ ነገር ሰው ለምን ይዋሻል? ጣት አለመውረሩ ምን እንደሚያጋልጥ የማያውቅ ሰው በዚህ አይዋሽም፤ ትዝም አይለውም። ተስፋሁን ግን ያውቃል። ግርማቸው መድኃኒቱን ወስዷል ለማለት ብሎ ያልነበረውን ሕመም ሰጠው።»

«ተራራው ነው የገደለው!» አለ ተስፋሁን። ድምፁ ከወትሮው ጎልቷል።

«ተራራውማ መልእክቱን ይልካል። ራስ ምታት ይባላል፤ ‹ተመለስ› ማለቱ ነው። ሁላችሁም ራሳችሁ ፈርሶ ሲያድር እሱን ብቻ ያላመመው ለምንድን ነው? በዳያሞክስ ምትክ ያዋጥከው አስፒሪን ስለነበር ነው። መከላከያውን ወሰድህበት፤ ማስጠንቀቂያውንም አፈንህበት። ሕመሙ ጉልበቱን እስኪሰብረው ድረስ አላወቀም።»

«እኔ ለምን ብዬ?»

እትዬ ሸዋረጋ ወደ ፀሐይወርቅ ዞሩ። ይህን ክፍል ቢዘሉት ደስ ባላቸው ነበር። «ልጄ፣ ውብነሽን አገኘኋት። ኻርቱም ክሊኒክ ውስጥ ታጸዳለች። የተስፋሁን ሚስት ናት፤ ሱዳን ውስጥ በተክሊል ነው የተጋቡት። አሜሪካ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ‹ሚስት የለኝም› ብሎ ሞላ። እሷን ‹ተራሽ ሲደርስ እወስድሻለሁ› እያላት ስድስት ዓመት ሆነ። ወንድምሽ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ከመጣ ሰው ሰምቶ ደውሎላት ነበር። ቻሜ ላይ ‹ንገራት› ያለው ይህን ነው።»

ተስፋሁን ወደ እጮኛው እጁን ዘረጋ። «ፀሐይ፣ አንቺን ላለማጣት ነው። ቢነገርሽ አንቺም ትሄጃለሽ፣ ወረቀቴም ይነጠቃል። ታሞ ከመንገድ እንዲመለስ ነበር የፈለግሁት። ጊዜ እንዳገኝ...»

ፀሐይወርቅ አልጮኸችም። ፊቷን ወደሱ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«ያን ሌሊት ነቅቶ ነበር?»

ተስፋሁን እጁን ሰበሰበ። «ነቅቶ ነበር።»

«ምን አለህ?»

«‹አውርደኝ› አለኝ።»

«አንተስ?»

ተስፋሁን ከንፈሩን ላሰ። «‹ይነጋል› አልኩት።»

አዜብ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ዮሐንስ ወደ ተስፋሁን ተንደረደረ፤ እትዬ ሸዋረጋ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ከዚያ እንደ ድሮው የሰሙትን ቃል አንድ በአንድ ጻፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ ወረቀቱንም አዞሩ። አዜብ ፈረመች። ዮሐንስ ፈረመ። ፀሐይወርቅ ፈረመች። ተስፋሁን ብዕሩን ይዞ ቆየና ሳይፈርም አስቀመጠው፤ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ማንም አልተከተለውም።

ፀሐይወርቅ ተነሥታ አዜብ እግር ላይ ወደቀች። «ሰው ሲያማሽ ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ይቅር በዪኝ።» አዜብ አነሣቻትና ተቃቅፈው ቆሙ።

የሰፈሩ ፖሊስ ግድያው በሌላ አገር የተፈጸመ በመሆኑ መጀመሪያ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሆኖም የምስክሮቹን ቃል ተቀብሎ ለሚመለከታቸው አስተላለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተስፋሁን በሐሰተኛ ወረቀት ተያዘ። የኔፓሉ ጉዳይ ረጅም መንገድ እንደሚቀረው ሁሉም ያውቅ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ግን ፍርዱ ቶሎ ተሰጠ፤ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዜብ አጠገብ የሚቆም ሰው ቦታ ተሻማ።

ተስፋሁን ከተያዘ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይወርቅ ወደ ልብስ ቤቱ መጣች።

«ለውብነሽ ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «ስለ ባሏ ጠየቅኋት እንጂ እኔ የማውቀውን አልነገርኳትም። አፌ አልደፈረም። አሁንም ትጠብቀዋለች።»

«ቁጥሩን ይስጡኝ።»

እትዬ ሸዋረጋ ስልኩን ወደሷ ገፉላትና መስፊያ መኪናቸውን አቆሙ። ፀሐይወርቅ ቆማ ደወለች። ከሩቅ፣ ከባሕር ማዶ፣ የሚንሾካሾክ መስመር ተከፈተ፤ ሰው እስኪጠራላትም ጠበቀች።

«ሄሎ፣ ውብነሽ ነሽ?» አለች በመጨረሻ። «አታውቂኝም። የግርማቸው እህት ነኝ። አጠገብሽ ወንበር ካለ ተቀመጪ፣ እህቴ፤ እኔም እቀመጣለሁ።»