ኮምጣጤውን የገደለ እጅ

የኮምጣጤው እርሾ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ማለዳ ነበር።

ኢልዴ የማሰሮውን የጨርቅ ክዳን ባነሣች ጊዜ የለመደችው የሚሰነፍጥ ሽታ አልተቀበላትም። ከአያቷ ዘመን ጀምሮ ወይን ጠጁን ወደ ኮምጣጤ ሲለውጥ የኖረው፣ እንደ ጉበት የሚለሰልሰው እርሾ ጠቁሮ ወደ ታች ሰጥሟል። ሰላጣዋ በሞንፌራቶ ኮረብቶች ሁሉ የተወደደው በዚህ ኮምጣጤ ነው። ከወይን ለቀማው በኋላ ቱሪን ሄዳ፣ አግብታ ምግብ ቤት ልትከፍት ያሰበችውም ይህን ማሰሮ ይዛ ነበር።

በዚያው ቀን ረዳቷን ኒቬስን አባረረች። በገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መርዘኛ» አለቻት።

ኒቬስ ባሏ የሞተባት፣ በጉልበቷ የምታድር ሴት ናት። በቀጥታ ወደ ፖሊስ አዛዡ ወደ ጋሬሊ ሄደች።

«ስሜን መልሱልኝ፣ ጌታዬ። ሌላ አልጠይቅም። ሰው ከእጄ ዳቦ መቀበል ፈርቷል።»

ጋሬሊ ወደ ኢልዴ ወጥ ቤት መጣ።

«ኒቬስ ናት ያሰኘዎት ምንድን ነው?»

«ሰላጣው ላይ ጨው አበዛሽ ብላት፣ ከእንግዲህ እጅሽ አይጣፍጥ ብላ ረገመችኝ። ማሰሮው ያለበት የጓዳው ቁልፍም እሷ ዘንድ ነበር።»

«ሌላ ሰውስ ዘንድ?»

«ታላቅ ወንድሜ ኦሬስቴ አለው። እሱ እንደሆነ ከጠጁ በቀር ሌላ ነገር አያውቅም።»

ጋሬሊ አስቀድሞ የጠረጠረው ወይን ነጋዴውን ነበር፤ እንዳይበላሽ ተብሎ ድኝ የበዛበት ጠጅ እርሾ ይገድላልና። ነገር ግን ከዚያው ጠጅ የተጨመረበት የጎረቤት እርሾ ደኅና ነበር።

ወደ ማሰሮው ተመለሰ። በፈሳሹ ላይ ስስ ዘይት ያብረቀርቃል።

«ኒቬስ ሰላጣ ስትለውስ ያንጠባጠበችው ነው» አለች ኢልዴ።

አዛዡ ጣቱን በማሰሮው አንገት ዙሪያ አዞረ። ዘይቱ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ደርቋል፤ የተንጠባጠበ ሳይሆን በብዛት ፈስሶ በኋላ ተመጥጦ የወጣ ነው። በቀለበቱ ላይ አንዲት የቃጫ ክር ተጣብቃለች። በመሐረቡ ቋጠራት።

ምድር ቤት ወረደ። ኦሬስቴ ተንበርክኮ፣ ከአንድ ትልቅ የጠጅ ጠርሙስ አንገት ላይ በቃጫ ጉንጉን ዘይት እየመጠጠ ያወጣል።

«ዘይቱ ለምንድን ነው?»

«አየር እንዳያገኘው ነዋ። አየር ያላገኘ ጠጅ አይኮመጥጥም። ፖሊስ ቤት ጠጅ አይጠጣም እንዴ?» ሽማግሌው ሳቀ።

«እርሾውስ? አየር ካጣ አይሞትም?»

ሳቁ ቆመ።

ጋሬሊ መሐረቡን ፈትቶ የቃጫ ክሯን አሳየው። «ዘይቱን መልሰህ ልታወጣው ሞክረህ ነበር።»

ኦሬስቴ ፊቱ በንስሓ አባቱ ፊት እንደ ተንበረከከ ሰው ሆነ።

«ተጸጸትኩ። በቃጫው መጥጬ ልጨርስ ስል እርሾው ሰጥሞ አገኘሁት።»

«ለምን አደረግኸው?»

«ልትሄድ ነው። ማሰሮው ከሌለ ትቀራለች ብዬ ነው። እዚህ ቤት ከማን ጋር እበላለሁ?»

«ኒቬስስ?»

«ስትሰደብ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቁርባን አልቀረብኩም።»

ኢልዴ ይህን በሰማች ጊዜ ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። እርሷም ኒቬስን የምታይበት ዐይን አልነበራትም።

ኦሬስቴ ወደ ኒቬስ ጓሮ ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀ። እርሷ ከጎመኖቿ መካከል አልተነሣችም።

«እኔ የተሰደብኩት በጓሮ አይደለም፣ ኦሬስቴ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኦሬስቴ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመ። ሕዝቡ የወይን ለቀማ ቀን ሊያስታውቅ መስሎት ጠጋ አለ። ኢልዴ ከፊት ቆማ ጓንቷን ትጨምቃለች።

«ኒቬስ አይደለችም» አለ። ወደ ባርኔጣው አጎንብሶ ቀጠለ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ከዚያ ከግድግዳው ሥር የኒቬስ ድምፅ ተሰማ።

«ጮክ በል። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»