የማይታጠበው ሙቀጫ

ሀያ የሞተችው ለሠርጓ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ከድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር፣ እናቷ ቤት፣ ለሠርጉ በተገዛው አዲስ ፍራሽ ላይ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ምላሷም ጉሮሮዋም በነጭ ነገር ተሸፍኗል።

«በረኪና አጠጥታት ነው!» አሉ እናቷ ወይዘሮ ዘቢባ፣ የቤት ሠራተኛዋን እየጠቆሙ።

ፖሊስ የሠራተኛዋን የጽጌሬዳን ፍራሽ ሲገለብጥ የበረኪና ጠርሙስ አገኘ። በቃ፣ ሰፈሩ ፈረደ። በሰው አገር የቤት ሠራተኛ ላይ ለመፍረድ ምን ይጠየቃል?

ኢንስፔክተር ኡበይድ ድሬዳዋ ያደገ ነው። አማርኛው ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር።

«በረኪናው የማነው?»

«የቤቱ ነው ጌታዬ። ፍራሼ ሥር ግን እኔ አላስቀመጥኩም።»

«ሀያ ካንቺ እጅ ምን ትበላ ነበር?»

«ምኑን በላች! መዋጥ ካቃታት ሦስት ሳምንቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት ብቻ። እሱንም እምቢ ስትል ‹ለኔ ስትይ› እያልኩ ነው የማጠጣት።»

«ወተቱን ማን ያዘጋጃል?»

«እትዬ ራሳቸው። እኔ ማድረስ ብቻ ነው።»

ወይ ጣጣ! ብርጭቆው በእጇ ማለፉን በገዛ አፏ ተናገረች። ኡበይድ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

«ቃጠሎ የለም» አለችው ዶክተር ሂንድ፣ አዲስ አበባ የተማረች ሐኪም። «በረኪና ያቃጥላል። ይሄ ግን ሲፋቅ ይነሳል። በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ እርሾ ነው።»

«እርሾ? የዳቦ?»

«የዚያ ዘመድ። በጤነኛ ሰው አፍም ውስጥ ይኖራል፣ ክብ ክብ ሆኖ፣ ማንንም ሳይነካ። ሰውነት መከላከሉን ሲያቆም ግን ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፤ ምራቅ አጥቦ አይወስደውም። ከዚያ ቀጭን ክር ያበቅላል። ክሩ ሥጋውን ሰርስሮ ይገባል። የሷ ደሟ ውስጥ ደርሷል።»

«የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መከላከያዋን ማን ነጠቃት?»

«ሌላ በሽታ ፈልጌ አጣሁባት። ፊቷን ግን አይተኸዋል? እጇ እንጨት፣ ጉንጯ ድቡልቡል። የማወፈሪያ ክኒን አብዝቶ የወሰደ ሰው እንዲህ ይሆናል። ክኒኑ የሰውነትን ዘበኛ ያስተኛል።»

ኡበይድ እየሮጠ ወደ ጣቢያው ተመለሰ።

«ጽጌሬዳ፣ እዚያ ቤት የማትነኪው ዕቃ አለ?»

አሰበች። «የሄል መውቀጫዋ። እትዬ ‹እኔ ራሴ አጥባታለሁ› ይላሉ፣ ከአረፋ ወዲህ።»

ትንሽዬዋ የነሐስ ሙቀጫ የወይዘሮ ዘቢባ አልጋ ሥር ተገኘች። ሄል ሄል አትልም። ግርጌዋ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል።

ኡበይድ ወይዘሮ ዘቢባ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖራት። «ክኒኑን እየወቀጡ ወተቷ ውስጥ ይጨምሩ ነበር።»

«ክኒኑን አልውጥም ብላኝ ነው!» ጮኹ። «የሙሽራው እናት ‹ይቺን ዱላ ነው የምትድሩልን?› አለችኝ። ስንቷ እናት ለልጇ ትሰጣለች! እኔ ምን የተለየ አደረግሁ?»

«መዋጥ ሲያቅታትስ?»

«ከሳችብኝና ጨመርኩላት።»

ኡበይድ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነው። ሙቀጫዋን ከፊቱ ገፋ አደረጋት።

«በረኪናውስ?»

«ስትሞት ክኒኑ መሆኑ ገባኝ። አባቷ ይገድለኛል ብዬ ፈራሁ። ጽጌሬዳ ደግሞ ማን አላት?»

እኩለ ቀን ላይ የጽጌሬዳ ካቴና ተፈታ።

«ነፃ ነሽ። እናትየዋ አምነዋል» አላት ኡበይድ። ወተቱ ውስጥ የነበረውንም ነገራት። ሊደብቃት አስቦ ነበር፤ ነገ ከሰፈር ሰው ከምትሰማው ብሎ ተወው።

በሩ ተከፍቶላት አልወጣችም። ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ቀን ወተቱን ልትደፋው ስትል እጇን ያዝኩት» አለች። «‹ለኔ ስትይ› አልኳት። ጠጣችልኝ።»