ከኦራሉ ሥር የተጠየቅሁ ቀን

ልዑልቃል ግቢያችንን የለመደው በአባቴ ኦራል ሰበብ ነው። ኦራሉ ከጦር ሠራዊት በጨረታ የተገዛ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ ፉሪ ላይ የግንባታ ድንጋይ የሚያመላልስ መኪና ነው። በተበላሸ ቁጥር መካኒኩ ልዑልቃል ይጠራል። እውነቱን ለመናገር፣ ቶሎ ቶሎ እንዲበላሽ መጸለይ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት «የዛሬ ሳምንት ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎኝ ነበር። አባዬ ስለ እኛ ምንም አያውቅም።

በዚያው ቅዳሜ አባዬና ልዑልቃል ከመኪናው ሥር ተኝተው፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ከባድ ሻፍት መልሰው እየገጠሙ ነው። እኔ መፍቻ አቀብላለሁ። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ኮት ለብሰው ቆመዋል፤ ከፊት የልዑልቃል አጎት ጋሽ ላቀው።

«ሳምንት መንገድ አለብኝ፤ ቀኑን ወደ ዛሬ አመጣነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ልዑልቃልም ቀኑ መለወጡን አልሰማም ነበር።

«አቶ በንቲ፣ ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ ኦራሉ አጠገብ ቆመው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ብረቱ ደረቴ ላይ ነው። እዚያው ሆናችሁ ንገሩኝ» አለ አባዬ።

ጋሽ ላቀው ለሁለት ጥንድ ጫማ ንግግር ጀመሩ። «ልጅዎን ሌንሳን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው።»

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?»

«መካኒክ ነው።»

«የት?»

«አሁን እንኳ… አጠገብዎ ተኝቷል።»

 እኔ ጎንበስ ብዬ ወደ ሥር አየሁ።

«ቡሎኑን እሰር» አለው አባዬ።

«አይታሰርም ጋሼ። ስንፈታ በቀለም ያደረግነው ምልክት አልተገናኘም። እንዲህ ከታሰረ መኪናው ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ ነኝ ያገናኘሁት። ውትድርና ላይ ሃያ ዓመት ኦራል ነድቻለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን አልተገናኘም።»

ምናለ ልዑልቃል ዛሬን እንኳ እሺ ቢለው። መፍቻውን ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

«ሌንሳ፣ ባትሪ አምጪ።» አባዬ ምልክቱ ላይ እያበራ ረጅም ጊዜ አየ። «አውርደው» አለ ከዚያ።

ሻፍቱን አውርደው፣ ትንሽ አዙረው፣ እንደገና ገጠሙት። አባዬ እጁን ሳይታጠብ፣ ማንንም ሳያይ፣ ኦራሉን አስነስቶ ወደ ሀና ማርያም ነዳው።

ልዑልቃል ፊቱ በግሪስ ጠቁሮ አጠገቤ ቆመ። «አበላሸሁት አይደል?»

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«የሚነዱት እኮ አባትሽ ናቸው።»

 በሽማግሌዎቹ ፊት በነጠላዬ ጫፍ ግንባሩን ጠረግሁለት። ወደድኩት፣ ከበፊቱ አብልጬ ወደድኩት። ሽማግሌዎቹ አጥሩን ማየት ጀመሩ።

አባዬ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ። «አልተንቀጠቀጠም» አለው ልዑልቃልን። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «በኔ በኩል እሺ ብያለሁ። ለማንኛውም እሷንም ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወጉ አንገት መድፋት ነበር።

«እኔማ እሺ ካልኩት ሦስት ወር ሆኖኛል» አልኩ።