ቁጥር ያልተጻፈበት እንቁላል

አሥራ አራት ቁጥር ዶሮ ጠዋት አጥሩ ሥር ሞታ ተገኘች። ሰፈሩ «አባ ዶሮ» የሚላቸው አዛውንት ካረቧቸው ዌልሱመር የተባሉ የውጭ ዘር ዶሮዎች መካከል እንደ እሷ የጠቆረ፣ ነጠብጣብ ያለበት ቡናማ እንቁላል የሚጥል አልነበረም። አባ ዶሮ ደማቸው ፈላ። «ዶሮዎቹ ሸተቱኝ» ስትል የከረመችውን የልጃቸውን ሚስት በጎረቤት ፊት «ገዳይ! ዛሬውኑ ከቤቴ ውጪልኝ!» አሏት። ልጃቸው የአባቱን የአክስት ልጅ፣ ጡረታ የወጣችውን መርማሪ፣ ሮጦ ጠራ።

መርማሪዋ ዶሮዋን አገላበጠቻት። ደም የለም፣ ንክሻ የለም፣ አንገቷም ደህና ነው። ምንቃሯ ግን እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ላባዋ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰግስጓል።

«አንተስ?» አለችው ጎረቤትየውን፤ እሱም ዶሮ አርቢ ነው።

«እኔ? ከእሷ እንቁላል ላስፈለፍል ወረፋ ይዤ እንዴት እገድላታለሁ?»

ምራቲቱ ስትጠየቅ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል «አላውቅም» ብቻ አለች።

«ይኸው! ዓይኗን ተመልከቺልኝ!» አሉ አባ ዶሮ።

«አንተ ዝም በል፣ ተራህ ይደርሳል።»

መርማሪዋ ዶሮ ቤቱንና ኩሽናውን ስትፈትሽ ቆይታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እንቁላል መጣያ ሳጥኖችህ ዶሮዋ ስትገባ በራቸው ከኋላዋ ይዘጋል። ለምን?»

«የትኛዋ ምን እንደጣለች እንዳውቅ ነዋ! ከፍቼ አስወጣትና እንቁላሉ ላይ ቁጥሯን በእርሳስ እጽፋለሁ።»

«ሳትጽፍ ያለፍከው አለ?»

«በሕይወቴ አላደረግኩትም!»

መርማሪዋ አንድ ጥቁር ቡናማ እንቁላል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቁጥር የለውም።

«ኩሽና ነው ያገኘሁት። ቀለሙን እዩት፣ በጥፍር ተቧጭሯል። የዚህ ዘር ቀለም ገና ሲጣል እርጥብ ስለሆነ ይላጣል። ዶሮዋ እንቁላሏን ጥላ መውጫ ስታጣ ረግጣዋለች። ላባዋ ውስጥ ያለው ፍቅፋቂም የሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ቆርቆሮ ሥር ነው፤ ትናንት ደግሞ ፀሐዩ እሳት ነበር። የገደላት ሙቀትና ውኃ ጥም ነው። የሚከፍትላት ሰው ረስቷታል።»

አባ ዶሮ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሠሩ ለማስታወስ ሞከሩ። ምንም አልመጣላቸውም።

«ታዲያ... አጥሩ ሥር ማን ጣላት?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ድመት ገደላት ብለህ እንድታስብ የፈለገ ሰው ነዋ። እንቁላሉንም ኩሽና ያስገባው እሱ ነው።»

ምራቲቱ እንባዋ ቀደማት።

«ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ረስተው እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው፣ አባባ። ትናንት ዘገየሁ። በእጄ ገደልኳት ብለው እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

አባ ዶሮ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ኀፍረቱ ጆሯቸው ድረስ አቃጠላቸው። ጎረቤትየው ነገሩ ከብዶት ሊወጣ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል» አሉት። «ስሰድባት ሰምተሃል፣ ይቅርታ ስጠይቃትም ስማ።»

ወደ ምራታቸው ሁለት እርምጃ ተጠጉ።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ። «ይቅር በዪኝ። ከነገ ጀምሮ ሳጥኖቹን አንቺ ክፈቻቸው። እኔ... እኔ አልታመንም።»

«እሺ አባባ» አለች።

አባ ዶሮ ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።